የእናቴ ድስት

የተወለድሁት በማክሰኝት አጠገብ፥ በቤተ እስራኤል መንደር ነው። አባቴ ብረት ቀጥቃጭ ነበረ፤ እናቴም ሸክላ ትሠራ ነበር። ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እናቴ የምድጃውን እሳት ታጠፋለች፤ በሰንበት እሳት እንዳይነድ ኦሪት ያዝዛልና። በማግሥቱም ከጸሎት በኋላ፥ ቄሱ የባረኩትን ዳቦ በአንድነት እንበላ ነበር።

አንድ ቀን እናቴን ተከትዬ ገበያ ሄድሁ። አንዲት ሴት ከእናቴ ድስት ገዛች፤ ወዲያውም ልጅዋን ከአጠገቤ ስባ፥ «ራቅ በል፤ ቡዳ ናቸው» አለችው። እኔም አለቀስሁ። «እማዬ፥ ድስቱን ለምን አልሰበርሽባትም?» ብዬ ጠየቅሁ።

እናቴም፥ «ልጄ፥ ያ ሕፃን ምን በደለ? ዛሬ ማታ እራቱ የሚበስለው በዚያ ድስት ነው፤ ጦሙን ይደር ትያለሽን? ቍጣሽን እንደ ዓርብ እሳት አጥፊው» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን አለፈ። በግንቦት ወር 1983 ዓ.ም. ከ14 ሺህ የሚበልጡ ወገኖቻችን በ2 ቀን ውስጥ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሲሄዱ፥ እኔም አብሬ ሄድሁ። የእናቴ ሸክላ ሁሉ በአገር ቀረ፤ ቃልዋ ግን ከእኔ ጋራ ተሻገረ።

ልጆች ሆይ፥ የሰውን የእጁን ሥራ ወድዳችሁ ሠሪውን አትናቁ። የተናቀም ሰው ክፉውን በክፉ አይመልስ።