«ሰጠ» እና «እጅ ሰጠ»

እንግሊዝኛን ከመጽሐፍ የተማረ ሰው የሚቸገረው ከላቲን በተወረሰው ረጅም ቃል አይደለም፤ ያንንስ መዝገበ ቃላት ገልጦ ያገኘዋል። የሚያስቸግሩት ከልጅነቱ የሚያውቃቸው «ጊቭ»፣ «ፑት»፣ «ቴክ» የተባሉት ግሦች «አፕ»፣ «አውት»፣ «ኦፍ» ከሚባሉ ትናንሽ ቃላት ጋር ሲጣመሩ ነው። «ፑት» ማስቀመጥ ነው፤ «ፑት አውት» ግን እሳት ማጥፋት፣ «ፑት ኦፍ» ቀጠሮ ማስተላለፍ፣ «ፑት አፕ ዊዝ» ደግሞ የማይወዱትን ችሎ መኖር ነው። ሳሙኤል ጆንሰን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1755 ባሳተመው መዝገበ ቃላት መቅድም፣ ለባዕድ ሰው እጅግ የሚከብደው ይኸው ጥምረት መሆኑን ገልጿል።

በማስተምርበት ክፍል አንድ ተማሪ፣ ሰውዬው ሲጋራ ማጨስ መተዉን «ጊቭ አፕ» በሚለው ግሥ የሚናገረውን ዓረፍተ ነገር «ማጨስን ወደ ላይ ሰጠ» ሲል ተረጎመው። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ ወዲያ ያ ልጅ ለመመለስ እጁን ሲያወጣ አላየሁትም። የሳቁት ግን የገዛ አማርኛቸውን ያላስተዋሉ ነበሩ። የተሸነፈውን ጠላት «እጅ ሰጠ» እንል የለምን? «ልብ አለ» የሚለውንስ አንድ እንግሊዛዊ ቃል በቃል ቢፈታው ልብ የምትናገር አይመስለውምን? «ጆሮ ዳባ ልበስ» ቢሉትማ ቆዳ የለበሰ ጆሮ ፍለጋ ይወጣል!

ዝምድናው ከዚህም ይጠልቃል። በ«ኢት አፕ» እና በ«ድሪንክ አፕ» ውስጥ «አፕ» የሚያመለክተው ወደ ላይ መሄድን ሳይሆን ድርጊቱ እስከ ፍጻሜው መድረሱን ነው። እኛም «ጥርግ አድርጎ በላ»፣ «ጭልጥ አድርጎ ጠጣ» እንላለን። የእኛው ከግሡ ይቀድማል፣ የእነርሱ ይከተላል። እርግጥ ነው፣ የእነርሱ ጥምር ግሥ ተነጣጥሎ በመካከሉ ሌላ ቃል ያስገባል፤ «ፑት ኢት አውት» ይባላል እንጂ «ፑት አውት ኢት» አይባልም። ይህን ማጥናት ግድ ነው።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችን በእንግሊዝኛ የሚሰጥ በመሆኑ ነገሩ ቀልድ አይደለም። የታሪኩን ወይም የባዮሎጂውን መልስ እያወቀ፣ «ፖይንት አውት» የሚለው ትእዛዝ ሳይገባው የሚወድቅ ተማሪ አለ። ለዚህ ደግሞ ጥምር ግሦችን በሰሌዳ ላይ ደርድሮ ማሸምደድ እምብዛም አልረዳም። እኔ ትርጉሙን በሁኔታ ካስረዳሁ በኋላ ተማሪዎቹን የምጠይቃቸው፣ በቤታቸው ይህንኑ እንዴት እንደሚሉት ነው። ስለ «ፑት አፕ ዊዝ» ስጠይቅ አንዲት ልጅ ከኋላ ወንበር «ሆድ ይፍጀው ነዋ!» አለች። ፍቺው በትክክል ባይገጥምም ደጃፉ ላይ አድርሷታል።