በካቻቢቴ የሚያዳምጡት ሞተሪስት

በልጅነቴ የይርጋጨፌ አካባቢ በጥቅምትና በኅዳር ሌሊቱን አይተኛም ነበር። ቀን የተለቀመ እሸት ቡና ሳይፈለፈል ካደረ ጣዕሙ ይበላሻል፣ ደረጃውም ይወድቃል። ገበሬው በእንሰቱ መሃል የለቀመውን በጆንያ ተሸክሞ አመሻሽ ላይ ሲያስረክብ የመፈልፈያው ሞተር ይነሳል። ድምፁ ኮረብታውን ተሻግሮ እኛ ቤት ይሰማል። እኛም እየሰማነው እንቅልፍ ይወስደናል።

ሞተሩ ወንዝ ዳር ባለች የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነበር። ከባዱ መዘውር፣ ረጅሙ ቺንጊያ፣ ጭሱን ወደ ውጭ የሚተፋው ማርሚታ፣ ናፍጣና የቡና ገለባ የተቀላቀለበት ሽታ ዛሬም ድረስ አልጠፋኝም። ሞተሪስቱን ጋሼ እንላቸው ነበር። የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ ያስደግፉና እጀታውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። «ኩሽኔታው እየሄደ ነው» ካሉ ተፈቶ ይታያል። ጭሱ ሲጠቁር ናፍጣው በደንብ እንዳልተቃጠለ ይነግሩናል። ከደጃፉ ቆመን እንድናይ የፈቀዱልን እሳቸው ናቸው፤ ይህን ውለታ አልረሳውም።

በኋላ ፊዚክስ ስማር ስለ ሮኬት ሞተር ሙከራ አነበብኩ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1936 ፍራንክ ማሊና የሚባል የካልቴክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከጓደኞቹ ከጃክ ፓርሰንስና ከኤድ ፎርማን ጋር አንዲት ትንሽ ሞተር ይዞ ፓሳዴና አጠገብ ወዳለ ደረቅ የወንዝ ሸለቆ ወረደ። ሞተሯ የምትሠራው በአልኮልና በኦክስጅን ነበር። የኦክስጅኑ ጎማ እሳት ይዞ መሬት ላይ ሲፈራገጥ ሁሉም ሮጠው አመለጡ። ግን ተመልሰው መጡ፤ የዛሬው የናሳ ጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ መነሻው ያ ሸለቆ ነው።

የሞተር መሞከሪያ ላቦራቶሪ ሥራው ሞተሩን አጥብቆ አስሮ ማስነሳት፣ ከዚያም ግፊቱን፣ ሙቀቱን፣ ንዝረቱንና የሚበላውን ነዳጅ መለካት ነው። ቦሌ ላይ የኢትዮጵያ አየር መንገድም ጠግኖ የጨረሰውን የጄት ሞተር ክንፍ ላይ ከመስቀሉ በፊት በሙከራ ክፍል አስነስቶ ይፈትሸዋል። ይህን ሳነብ ሁልጊዜ ጋሼ ይታወሱኛል። ንዝረትን በጆሮ፣ ቃጠሎን በዓይን ይለኩ ነበር፤ የጎደላቸው መዝጋቢ መሣሪያ ብቻ ነው። የእኛ የጌዴኦ ልጆች የመጀመሪያው የሞተር ላቦራቶሪ ያች የቆርቆሮ ቤት ናት ብል ማጋነን አይደለም።

ዛሬ ብዙ ቦታ መብራት ገብቷል፤ የድሮዎቹ ሞተሮች ዝገው ቆመዋል፣ ሞተሪስቶቹም አርጅተዋል። በዲላ ዩኒቨርሲቲ ምህንድስና የምታስተምሩና የምትማሩ፣ እባካችሁ ከእነዚህ ሞተሮች አንዱን በኪሎ ተመዝኖ ለቁራሌው ከመሸጡ በፊት ወደ ወርክሾፓችሁ አስገቡት። አስነሱት፣ ለኩት። በሕይወት ያሉትን ሞተሪስቶችም ጋብዛችሁ አጠገቡ አስቁሟቸው፤ ጆሯቸው የሰማውን መሣሪያችሁ ከሚያነበው ጋር አስተያዩት።