ስታነብ የማየው አንተን ነው

የዕለቱ ንባብ፦ ነህምያ 8፥8-9፤ ሉቃስ 15፥11-32

ደብረ ማርቆስ ባደግሁበት ቤት ራዲዮናችን ከመደቡ በላይ ነበር የሚቀመጠው። «ከመጻሕፍት ዓለም» ሲጀምር እናቴ ቡና እየቆላች እንኳ ቢሆን ምጣዱን ከእሳት ታወርዳለች፤ የቡናው መንጣጣት አንድ ቃል እንዳያስመልጣት። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚተርከው ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ ነበር። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. የታተመ ነው፤ ደራሲውም የዚሁ የአገራችን የጎጃም ልጅ ናቸው። ማንኩሳንና ዲማን ለምናውቅ ሰዎች ታሪኩ የጎረቤት ወሬ ያህል ቅርብ ነበር።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ጉዱ ካሣን፣ ፊታውራሪ መሸሻን፣ ሰብለ ወንጌልን ግን በድምፃቸው ለይታ ታውቃቸዋለች። ሁሉም ከአንድ ሰው አፍ እንደሚወጡ ትረሳው ነበር።

ዓመታት አለፉ። አዲስ አበባ ተማሪ ሳለሁ ጌታን አገኘሁ። ለእናቴ ይህ ሐዘን ሆነባት። ለበዓል ስመጣ አጠገቧ ተቀምጬ መጽሐፍ ቅዱስ አነብላት ነበር። እውነቱን ልናገርና፣ የማነብላት ልረታት ነበር። ለእርሷ ይሆናል ባልሁት ቃል ላይ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ፤ ቀና ብዬም ፊቷን አያለሁ።

አንድ ቀን የጠፋውን ልጅ ታሪክ ሳነብ በእጇ አስቆመችኝ።

«ወጋየሁ ሲያነብ ሰዎቹን አያቸው ነበር፤ አንተ ስታነብ ግን የማየው አንተን ብቻ ነው» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ማታ ምዕራፉን ለብቻዬ ከፈትሁ። ጥሩ ተዋናይ የሚጫወተው ሰው ምን እንደሚፈልግና ምን እንደሚያመው ለመረዳት ይደክማል። እኔ ታላቁን ወንድም ሁልጊዜ የማነበው በነቀፉኝ ሰዎች ድምፅ ነበር። ያን ሌሊት ቀስ ብዬ ሳነበው ድምፁ የራሴ ሆነብኝ። ደጅ ቆሞ አገልግሎቱን የሚቆጥረው እኔ ነበርሁ።

በነህምያ ዘመን ሌዋውያኑ ሕጉን አጥርተው አነበቡ፤ ሕዝቡ እንዲያስተውልም ትርጉሙን አስረዱ። ሕዝቡ አለቀሰ። ስለ አንባቢዎቹ ድምፅ ማማር ግን የተጻፈ ነገር የለም።

በማግስቱ ያንኑ ክፍል፣ ፊቷን ሳላይ፣ እንደገና አነበብሁላት። ስጨርስ ጥቂት ዝም አለች።

«ምስኪን አባት፤ ለሁለቱም ልጆቹ ከቤት የወጣው እርሱ ነው» አለች።

በስንት ስብከት ያላስተዋልሁትን ፊደል ካልቆጠረችው እናቴ ሰማሁ።

እናቴ ዛሬም የቤተ ክርስቲያኗን ደጅ ትስማለች። እኔም መከራከሬን ትቻለሁ። በመጣሁ ቁጥር ግን ቡናው ሲፈላ «በል ያንን መጽሐፍ አምጣና አንብብልኝ» ትለኛለች።

ወገኔ ሆይ፣ አንተ ቃሉን ስታነብለት የሚሰማህ ሰው ማንን እያየ ይሆን?

ጸሎት፦ አባት ሆይ፣ ቃልህን ሰው ለመርታት ስላነሳሁበት ጊዜ ይቅር በለኝ። ስናገር አንተ ታይ፤ እኔ ልሰወር። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።