በደጁ መግባት ሲያቅት

ስለ ልብ ብዙ ሰብከናል፣ ብዙም ዘምረናል። ዛሬ የምንጽፍላችሁ ግን በደረታችን ውስጥ ስላለው የሥጋ ልብ ነው፤ የጡጫችንን ያህል ስለሆነውና በቀን 100,000 ጊዜ ያህል ስለሚመታው።

ቦንጋ ባለው የጸሎት ኅብረታችን ውስጥ አንዲት የ23 ዓመት እህት አለችን። ከተዳረች ገና ዓመቷ ነው። ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል፤ ሌሊት መተኛት አቅቷት በትራስ ተደግፋ የምታድርበት ጊዜ አለ። ልቧ በአልትራሳውንድ ሲታይ በግራ በኩል በላይኛውና በታችኛው ክፍል መካከል ያለው በር፣ ሐኪሞች ሚትራል ቫልቭ የሚሉት፣ ጠብቦ ተገኘ። ሐኪሙ በልጅነቷ ጉሮሮዋን ታማ ታውቅ እንደሆነ ጠየቀ። እናቷ አስታወሱ፤ ጉሮሮዋን ደጋግሞ ያማት፣ ከዚያም ጉልበቷና ቁርጭምጭሚቷ በየተራ ያብጥ ነበር።

ሩማቲክ የሚባለው የልብ ሕመም እንዲህ ነው የሚመጣው። ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ተህዋስ ጉሮሮን ያጠቃል። ተህዋሱን ሊዋጋ የተነሣው የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የልብን በሮች ይመታል። ቁስሉ ሲሽር ጠባሳ ይተዋል፤ የበሩ ክንፎች ይጣበቃሉ። ልጁ ድኗል ተብሎ ከተረሳ ከዓመታት በኋላ ትንፋሹ ማጠር ይጀምራል።

ለእህታችን የተነገራት አንዱ መንገድ ደረት ከፍቶ በሩን መቀየር ነበር። ሰው ሠራሽ በሮች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ሜካኒካል የሚባለው ነው፤ ብዙ ዘመን ይቆያል፤ ነገር ግን ደም እንዳይረጋበት ዕድሜ ልክ ዋርፋሪን መውሰድና ደምን በየጊዜው ማስመርመር ይጠይቃል። መድኃኒቱ ፅንስንም ሊጎዳ ይችላል። ሁለተኛው ከከብት ወይም ከአሳማ አካል የሚሠራው ነው፤ ዕድሜ ልክ ዋርፋሪን ላያስፈልገው ይችላል፤ ግን በወጣት ሰው ላይ ቶሎ ያረጃል፣ ሌላ ቀዶ ሕክምናም ያስከትላል። ልጅ ለመውለድ የምትጸልይ ሴት ይህን ስትሰማ ምን እንደሚሰማት ገምቱ። ዝም ብላ ቆየችና፣ «ደረቴን ሳይከፍቱ የሚገባበት ሌላ መንገድ የለም?» አለች።

ይህ ጥያቄ ወደ ማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ወሰደን። አራት ሰዎች ሽባውን ተሸክመው መጡ፤ ደጁ በሕዝብ ተጨናንቋል። «ደጁ ከተዘጋ የእግዚአብሔር ፈቃድ አይደለም» ብለው አልተመለሱም። ጣሪያው ላይ ወጡ፣ ከፈቱት፣ ሕመምተኛውን ከነአልጋው አወረዱት። ጌታም እምነታቸውን አየ። እምነታቸው በእጃቸው ሥራ ይታይ ነበር።

በሕክምናውም ዓለም ጣሪያውን የከፈቱ ሰዎች አሉ። ጃፓናዊው ሐኪም ካንጂ ኢኖዌ እ.ኤ.አ. በ1982 በብሽሽት ደም ሥር በኩል ካቴተር የሚባል ቀጭን ቱቦ እስከ ልብ አስገብቶ፣ ጫፉ ላይ ያለውን ፊኛ በጠበበው በር ውስጥ ነፋው፤ የተጣበቁት ክንፎችም ተላቀቁ። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ ፈረንሳዊው አላን ክሪቢየ በሩዋን ከተማ አዲስ በር አጣጥፎ በካቴተር በማስገባት፣ ደረት ሳይከፈት፣ በአንድ ሕመምተኛ ልብ ውስጥ ተከለው።

ያ በር ግን የታሰበው በዋናነት ለአረጋውያን ነበር። የአረጋውያን የአኦርታ በር በካልሲየም ስለሚደድር አዲሱ በር እሱን ተደግፎ ይቀመጣል። በሩማቲክ የታመመ ወጣት በር ግን ብዙ ጊዜ ጠባሳ እንጂ ያን ያህል ካልሲየም የለውም፤ አዲሱ በር ሊንሸራተት ይችላል። ሌላም ችግር አለ፤ ፊኛው ሲነፋ የደሙን መውጫ ይዘጋል። ስለዚህ በሩ እስኪቀመጥ ድረስ ልብ በመሣሪያ እጅግ ፈጥኖ እንዲመታ ይደረጋል፤ ያን ጊዜ ደም መግፋቱን ያቆማል ማለት ይቻላል። ይህ የተሟላ መሣሪያና የሠለጠነ ቡድን ይጠይቃል።

እ.ኤ.አ. በ1967 የመጀመሪያው የሰው ልብ ንቅለ ተከላ በተደረገባት ኬፕ ታውን ፒተር ዚላና ባልደረቦቻቸው ይህን ችግር ይዘው ተነሡ። መካከሉ ክፍት የሆነ፣ ተነፍቶም ደም የሚያሳልፍ ፊኛ ነደፉ፤ በሩም ቦታውን ራሱ እንዲያገኝ አሰቡለት። ዓላማቸው የልብ ቀዶ ሕክምና በሌለበት ሆስፒታል እንኳ ያለ ስጋት እንዲተከል ነው። ንድፉን ሲጀምሩ ያሰቡት ትልቅ ሆስፒታል መድረስ የማይችለውን ሰው ነው። ይህ ልባችንን ነካው።

ለእህታችን ግን «አዲስ በር እየመጣልሽ ነው» አላልናትም። የእነርሱ ንድፍ ለአኦርታ በር ነው፤ የእርሷ ሚትራል ነው። ሚትራል ሰፊ ነው፣ ቅርጹም ክብ አይደለም፤ በካቴተር በር ለመትከል ይበልጥ ይከብዳል። ለእርሷ የቀረበው የኢኖዌ ፊኛ ነው፤ እሱም በአገራችን ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1989 በዶክተር በላይ አበጋዝ የተመሠረተው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ያለውን የልብ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2009 ከፍቷል።

አስቀድሞ መታየት ያለበት አለ፦ ክንፎቹ ገና የሚታጠፉ መሆናቸው፣ በሩ ብዙ የማያፈስ መሆኑ፣ በልቧ ውስጥ የረጋ ደም አለመኖሩ። ይህ ገና አልተወሰነም። ከቦንጋ በጎጀብና በጅማ አድርጎ አዲስ አበባ ለመድረስ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አንዱ ወንድም ቡናውን ሸጦ የመሳፈሪያውን ሰጠ፤ አንዲት እናት አዲስ አበባ ያለች ልጃቸው ቤት እንድታርፍ አመቻቹ፤ ባለቤቷ ከሥራው ፈቃድ ጠየቀ። አልጋው አራት ማዕዘን አለው፤ እያንዳንዳችን አንዱን ይዘናል።

አንዳንዶች «የምታምን ከሆነ መርፌው ለምን?» ይላሉ። እህታችን በየአራት ሳምንቱ ፔኒሲሊን ትወጋለች፤ ሕመሙ ተመልሶ በሩን ይበልጥ እንዳይጎዳው። እንጸልይላታለን፣ በቀጠሮዋም ቀን ተራ ገብተን አብረናት እንሄዳለን። አራቱ ሰዎች ስለተሸከሙ እምነታቸው አልጎደለም።

እናንተስ ማንን ልትሸከሙ ትችላላችሁ? ልጃችሁ ጉሮሮውን አሞት ትኩሳት ሲይዘው «እንጥሉ ወርዷል» ብላችሁ አታስቆርጡት፤ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። በጊዜው የተሰጠ ፔኒሲሊን ይህን ሁሉ መንገድ ሊያስቀር ይችላል። መገጣጠሚያው እየዞረ የሚያብጥ ልጅ በሰንበት ትምህርት ክፍላችሁ ካለ ለወላጆቹ ንገሩ። መርፌውን በየወሩ የሚወጋ ጎረቤት ካላችሁም ቀኑን አስታውሱት።

ጌታ ሆይ፣ የእህታችንን ልብ በእጅህ ያዝ። ለሐኪሞቹ ጥበብን፣ ለሚነድፉት ትዕግሥትን፣ ለእኛም ደጁ ሲዘጋ ጣሪያውን የምናይበት ዓይን ስጠን። አሜን።