በግሸን መንገድ ስለ ሲኒማ የተጨዋወትነው

ሰው ከሲኒማ ቤት በወጣ ጊዜ የመጀመሪያ ሥራው ስላየው ነገር ፍርድ መስጠት ነው። ሕግ ሳይማሩ ዳኛ የሚሆኑበት ወንበር ቢኖር ይኸው ነው። እኛም ከዚህ ልማድ ነጻ ስላልሆንን፣ ለመስከረም 21 ቀን የግሸን ማርያም በዓለ ንግሥ በተጓዝን ጊዜ፣ በመንገድ ያየናቸውንና ከዚያ በፊት ያየናቸውን ፊልሞች እያነሣን አንዱን ስናመሰግን ሌላውን ስንነቅፍ ሰነበትን። ፍርዳችንም እስከ አምባው ዳገት ድረስ ይግባኝ የሌለው ነበር።

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በተሳፈርንበት አውቶቡስ ውስጥ ከሾፌሩ ራስ በላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ገና ደብረ ብርሃን ሳንደርስ ሥራውን ጀመረ። በመጀመሪያ የታየው ስሙን ልንጠቅሰው የማንፈልገው የፍቅር ፊልም ነው። በዚያ ፊልም ውስጥ ሰው ሁሉ በትልቅ ቪላ ይኖራል፤ በምን ሥራ እንደሚተዳደር ግን አይታወቅም። ሲነጋገርም እኛ እንድንሰማው እንጂ ባልንጀራው እንዲሰማው አይናገርም። አንዲት ወጣት የእናቷን መሞት በስልክ ትሰማለች፤ ፊቷን በሚገባ ሳናየው ፒያኖና ዋሽንት ተባብረው «አልቅሱ» እያሉ ያስጨንቁናል። ልጅቱም ብቻዋን በሶፋ ላይ ተደፍታ ሁለት ቀን ስታለቅስ ትታያለች። ከኋላችን ተቀምጠው የነበሩ አንድ ሽማግሌ ባላገር ይህን አይተው፣ «ምነው፣ ይህች ልጅ ጎረቤት የላትም እንዴ?» ብለው ጠየቁ። አዘጋጁ ራሱን ሊጠይቅ ይገባው የነበረው ጥያቄ ይኸው ስለ ሆነ በዚያ ፊልም ላይ ሌላ ሒስ መጨመር አያስፈልገንም።

ጣርማ በርን አልፈን ቍልቍለቱን ስንወርድ ደግሞ አንድ የቀልድ ፊልም ተከተለ። ታሪኩ እንደ ወንፊት ቀዳዳው የበዛ ነበር፤ ነገር ግን እኛም ከሕዝቡ ጋር አብረን ሳቅን። እንባችን እስኪመጣ የሳቅንበትን ነገር ወርደን ብንነቅፈው ሐሰተኞች እንባላለንና ዝም ብለን እናልፈዋለን።

ደሴ በደረስን ጊዜ የተቀበለን የታሪክ መምህር የሆነ ወዳጃችን ነው። እራት ከበላን በኋላ ያሬድ ዘለቀ ያዘጋጀውን «ላምብ» የተባለውን ፊልም አሳየን። ይህ ፊልም በ2007 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በካን ከተማ በተደረገው የፊልም በዓል በይፋ ከተመረጡት መካከል በመግባት የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። የታሪኩ ነገር ግን እንደ ዝናው የገነነ አይደለም፤ ጥሩነቱም ከዚሁ የመጣ ይመስለናል። ኤፍሬም የተባለ እናቱ የሞተችበት ብላቴና ነው። ድርቅ ስለ ጸናባቸው አባቱ ልጁን ከደጋ ዘመዶቹ ዘንድ አስቀምጦ ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ለልጁ የቀረው ወዳጅ ቹኒ የሚባለው በጉ ብቻ ነው፤ አጎቱም ይህን በግ ለመጪው በዓል ሊያርደው ያስባል። ኤፍሬም ምግብ መሥራት ይወዳል፤ ይህም በአጎቱ ዘንድ ነውር ነው። ልጁ የሚያስበውን ሁሉ አይናገርም፤ ካሜራውም ይናገር ብሎ አያስገድደውም። ነቀፋ ይጨመር ከተባለ ተራራው ከልክ በላይ አምሮ የቀረበበት ጊዜ አለ እንላለን፤ አንዳንዴ ለቱሪስት የሚሸጥ ፖስት ካርድ የምናይ መስሎናል።

ከዚህ በኋላ ክርክሩ ወደ ኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ዞረ። ይህን ፊልም ከዚያ በፊት ሁላችንም አይተነዋል። በጀርመን አገር ተምሮ በደርግ ዘመን ወደ ጣና ዳር መንደሩ የሚመለሰው የአንበርብር ታሪክ በፈረንጅ አቈጣጠር በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት አግኝቷል። ወዳጃችን ግን ፊልሙ ከሁለት ሰዓት በላይ መፍጀቱና ዘመኑን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማመላለሱ አድካሚ ነው ባይ ነው። እኛ ደግሞ የተሰበረ ሰው ትዝታ በተራ ተሰልፎ አይመጣም ብለን መለስንለት። በተለይም እናቲቱ ተምሮ የመጣውን ልጃቸውን በሚያዩበት አስተያየት ውስጥ ብዙ መጽሐፍ ያልተናገረው ነገር አለ። በዚህ ጉዳይ እስካሁን አልታረቅንም።

ሊነጋጋ ሲቃረብ መምህሩ፣ «የወሎን ሰው ለዓለም ያሳየው ፊልም ግን ከነዚህ አንዱም አይደለም» ብሎ ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ ለአገሩ ቴሌቪዥን ያቀረበውን «ያልታወቀው ረኃብ» የተባለውን አጭር ፊልም ከፈተልን። በዓለም ዙሪያ እርዳታ ያሰባሰበው ይህ ፊልም ነው። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ማለት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው በወረዱበት ቀን ዋዜማ፣ በቤተ መንግሥት ግብዣ ሥዕሎች እየተቀላቀለ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የታየውም ይኸው ፊልም ነው። እኛ እንቅልፍ ይዞን ስለ ነበረ፣ «የታሪክ ዋጋው ትልቅ ነው፤ በፊልም ጥበብ በኩል ግን ብዙ የሚባልለት የለም፤ ካሜራው ይቸኩላል፣ ተራኪውም ይበዛል» ብለን ፈርደን ተኛን። ይህን ቃላችንን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

በማግሥቱ ወደ ግሸን ተጓዝን። የመስከረም ወር ስለ ነበረ ከግራና ከቀኝ ያለው ተዳፋት አደይ አበባ ለብሷል። አምባው በመስቀል ቅርጽ የተቀረጸ ሆኖ በገደል ተከቦ ይታያል። ግማደ መስቀሉ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ወደዚህ እንደ ገባ የሚነገረውን ምእመን ሁሉ ያውቀዋል። በድሮ ዘመን ደግሞ ነጋሢ ያልሆኑ የንጉሥ ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ በዚሁ አምባ ላይ ይጠበቁ ነበር። በ1520 በፈረንጅ አቈጣጠር የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ ስለ መሳፍንቱ አምባ ጽፎ ወሬው አውሮፓ ከደረሰ በኋላ፣ የእንግሊዙ ባለቅኔ ሚልተን በ1667 ይህን ተራራ በግጥሙ ጠቀሰው፤ ሳሙኤል ጆንሰንም በ1759 ራሴላስ የሚባል የኢትዮጵያ ልዑል ፈጥሮ በደስታ ሸለቆ ውስጥ አኖረው። ሁለቱም አገራችንን በዓይናቸው አላዩም። እኛም ዳገቱን ስንወጣ፣ አንድ የአገራችን አዘጋጅ ዕድሜውን በሙሉ ከዚህ አምባ ወርዶ የማያውቅን የአንድ መስፍን ታሪክ ፊልም ቢያደርገው እንዴት ያለ ሥራ በሆነ ነበር እያልን፣ ማን መስፍኑን ሆኖ ይሥራ በሚለው ላይ እስከ መጣላት ደረስን።

በዳገቱ እኩሌታ ለማረፍ ስንቀመጥ ዕድሜያቸው ወደ ሰባ የተጠጋ አንዲት መነኵሲት በሶ በጥብጠው፣ «ኑ ልጆቼ፣ በረከት ቅመሱ» አሉን። ቀምሰንም ክርክራችንን ቀጠልን። ጥቂት ሰምተውን፣ «የርስት ነገር ነው?» ብለው ጠየቁ። ስለ ሲኒማ መሆኑን ነግረን የኤፍሬምንና የበጉን ታሪክ ብናጫውታቸው፣ «ኧረ በጉስ ታረደ?» አሉ። መልሱን ሰምተው ዝም አሉ፤ ለአንባቢ ግን ሄዶ እንዲያየው እንተውለታለን።

«እማሆይ፣ እርስዎስ ሲኒማ አይተው ያውቃሉ?» አልናቸው።

«እኔስ አይቼ አላውቅም። እኔን ግን አይተውኛል» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1966 ዓ.ም. የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበሩ። እህል ይሰጣል ተብሎ ከቤተ ሰዎቻቸው ጋር ከቀያቸው ወርደው ከመኪና መንገድ ዳር ሰፈሩ። «አንድ ፈረንጅ በትከሻው ዕቃ ተሸክሞ መጣ» አሉን። «ታናሽ ወንድሜ ጭኔ ላይ ተኝቶ ነበር። ፈረንጁ ከፊታችን ተንበርክኮ ብዙ ቆየ። ሰው ቢያየው ይራራ ይሆናል ብዬ ነጠላዬን ከልጁ ፊት ላይ ገለጥሁለት። ፈረንጁ ስማችንን ሳይጠይቅ ሄደ። ወንድሜ በሦስተኛው ቀን ዐረፈ።»

በሶው ያለበትን ጣሳ አንሥተው ካስቀመጡ በኋላ እንዲህ አሉ። «ፎቶግራፍ የሚባል ነገር በቤታችን አልነበረም። መልኩ አሁን አሁን እየጠፋብኝ ነው፤ በሕልሜ ሲመጣ እንኳ ጀርባውን ነው የማየው። ያ የተነሣው ሥዕል ከፈረንጅ አገር አለ ይባላል። እናንተ የሲኒማ ነገር ዐዋቂዎች ናችሁና እባካችሁ ፈልጉልኝ። በግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው።»

ከዚያ በኋላ እስከ አምባው ራስ ስለ ፊልም የተነጋገርነው የለም። ንግሡን አክብረን፣ ታቦት ሲወጣና ሲገባ አይተን፣ በሦስተኛው ቀን ወደ ደሴ ተመለስን።

በዚያው ሌሊት ከወዳጃችን ቤት ያንኑ አጭር ፊልም እንደ ገና ከፈትነው። በዚህ ጊዜ ግን የሰው ፊት በታየ ቍጥር እያቆምን ነበር። «ካሜራው ይቸኩላል» ያልነው እኛ ነን፤ አሁን ግን በአንዳንዱ ፊት ላይ ምን ያህል እንደ ዘገየ አየን። ከፊተኛው ሌሊት ሕዝብ ብለን ያለፍነው አሁን አንድ አንድ ሰው ሆኖ ተቆጠረ፤ አንዲት ሴት ዝንብ ስታባርር፣ አንድ አባት የልጁን እግር በኩታው ሲሸፍን። ሲያልቅ መልሰን ጀመርነው። ዶሮ እስኪጮኽ አልጨረስነውም።

ነገሩ ግን እንዳሰብነው ቀላል አይደለም። በዚያ ዓመት ወደ ወሎ የመጣው ካሜራ አንድ ብቻ አይደለም፤ ሰው የሰፈረበትም መንገድ ረጅም ነው። እማሆይን ያነሣቸው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ከተነሣውም የቀረበው ጥቂቱ እንደሚሆን ግልጽ ነው። ቢሆንም በሰው ጭን ላይ የተኙ ሕፃናት በታዩበት ስፍራ ሁሉ ሥዕሉን አቁመን ቀዳን፤ ሰባት ሆኑ። መምህሩ በነጋታው ከአንድ ፎቶግራፍ ቤት በወረቀት አሳተማቸው።

ከሰባቱ በአንዱ ላይ በግራ ቅንድብ በኩል ቀጭን መስመር ይታያል። ጠባሳ ይሁን የአሮጌ ፊልም ጭረት ለመለየት አልቻልንም። ሥዕሎቹ በፖስታ ታሽገው በመምህሩ ቤት ተቀምጠዋል፤ እማሆይ ለኅዳር ሚካኤል ደሴ እንደሚወርዱ ነግረውናል።