ትንሿ ቲዩብና የጓደኛዬ ጊታር

የመጽሔታችን አዘጋጆች «በዚህ ዓመት ከደረሰባችሁ ነገር አንዱን መርጣችሁ ጻፉ» የሚል ማስታወቂያ በለጠፉ ጊዜ፣ ብዙዎቹ የክፍል ጓደኞቼ ስለ ሽርሽርና ስለ ፈተና ለመጻፍ ተሽቀዳደሙ። እኔ ግን ስለ አንድ አሮጌ አምፕሊፋየር ለመጻፍ ቈርጬ ተነሣሁ። ወላጆቻችንና መምህራኖቻችን «ይህ ደግሞ ምን ቁም ነገር አለው?» እንዳይሉኝ እፈራለሁ። ይሁን እንጂ በዚህ ዕቃ ምክንያት አንድ ጓደኛዬን ላጣው ጥቂት ቀርቶኝ ስለ ነበር፣ ውድ አንባብያን ትንሽ ታግሣችሁ እንድታነቡልኝ እለምናለሁ።

አምፕሊፋየሩ ለሙዚቃ ክበባችን የተሰጠው ከአጎቴ ነው። አጎቴ በዋሽንግተን ሲኖር ጊታር ይጫወትበት የነበረውን፣ ፌንደር ቻምፕ የሚባለውን ትንሽ ዕቃ፣ ለዕረፍት በመጣ ጊዜ በልብሶቹ መካከል ጠቅልሎ አመጣና «ከእኔ ቤት ማዕዘን ይልቅ እናንተ ዘንድ ይጠቅማል» ብሎ ሰጠን። በእ.ኤ.አ. 1960ዎቹ አጋማሽ የተሠራ ስለ ሆነ ዕድሜው ከአባቴ ይበልጣል። ቁመቱ ከጉልበት አያልፍም፤ ኀይሉም ወደ 5 ዋት ብቻ ነው፤ ነገር ግን በክፍል ውስጥ ሲከፍቱት መስኮት ያንቀጠቅጣል። የተሠራው ለአሜሪካ አገር ኤሌክትሪክ በመሆኑ፣ የእኛን አገር 220 ቮልት ወደ 120 ገደማ የሚያወርድ ከባድ ትራንስፎርመር ሁልጊዜ አብሮት ይጓዛል። ትራንስፎርመሩን ተሸክሞ ደረጃ የሚወጣው ማን እንደ ሆነ በክበባችን ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቃል፤ እኔ ነኝ።

ከኋላው ያለውን ጣውላ ፈትታችሁ ብትመለከቱ፣ ሦስት ጠርሙስ መሳይ ነገሮች ቁልቁል ተንጠልጥለው ታያላችሁ። እነዚህ ቲዩብ ይባላሉ። አየር በሌለበት መስታወት ውስጥ አንዲት ትንሽ ቱቦ በሽቦ እየጋለች ኤሌክትሮኖችን ትተፋለች፤ ኤሌክትሮኖቹም በዙሪያዋ ወዳለው የብረት ገበታ ይሮጣሉ፤ በመካከል ደግሞ ከቀጭን ሽቦ የተሠራ ፍርግርግ አለ። ከጊታሩ የሚመጣው እጅግ ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት ፍርግርጉ ላይ ሲደርስ፣ በመስኖ ቦይ ላይ ያለች ትንሽ መዝጊያ ብዙ ውሃ እንደምታዝ፣ ታላቁን የኤሌክትሮን ጐርፍ ያዝዘዋል። እንግሊዛዊው ፍሌሚንግ በእ.ኤ.አ. 1904 ፍርግርግ የሌላትን ቲዩብ ሠራ፤ ፍርግርጉን በ1906 ገደማ የጨመረው አሜሪካዊው ሊ ዲ ፎረስት ነው። በ1947 ትራንዚስተር ከተፈለሰፈ በኋላ ሬዲዮውም ቴሌቪዥኑም ቀስ በቀስ ቲዩብን ተሰናበተ። ጊታር ተጫዋቾች ግን እስከ ዛሬ እምቢ እንዳሉ ናቸው፤ ምክንያቱም ቲዩብ ከዐቅሟ በላይ ስትገፋ ድምፁን በአንድ ጊዜ አትቈርጠውም፤ ቀስ አድርጋ ታጐብጠዋለች፤ ይህም ለጆሮ ደስ ይላል።

በእኛ አምፕሊፋየር ውስጥ ካሉት ሦስቱ አንደኛዋ 5ዋይ3 ትባላለች፤ ከግድግዳ የሚመጣውን ወዲያና ወዲህ የሚል ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲሄድ ታደርጋለች። ሁለተኛዋ 6ቪ6 ናት፤ ስፒከሩን የምትገፋ ጉልበተኛዋ እርስዋ ናት። ሦስተኛዋ 12ኤኤክስ7 ከአውራ ጣት ብዙ የማትበልጥ ትንሽ ስትሆን፣ የጊታሩን ሹክሹክታ መጀመሪያ የምትቀበለው እርስዋ ናት። ይህን ሁሉ ዛሬ ቀልጠፍ ብዬ እጽፈዋለሁ እንጂ፣ ያን ጊዜ የማውቀው ትልቋን ከትንሿ መለየት ብቻ ነበር።

የወላጆች ቀን ሁለት ወር ገደማ ሲቀረው፣ በልምምድ ላይ ሳለን አምፕሊፋየሩ ይጮህ ጀመር። ጊታር የሚጫወተው ጓደኛዬ እጀ ብርቱ ነው፤ ክሩን ሲመታ የተናደደ ይመስላል። እርሱ በኀይል በመታ ቍጥር ከዘፈኑ በላይ እንደ ደወል «ዊ...ን» የሚል ድምፅ ይነሣና አልቆም ይላል።

«ዕቃውን ሰበርኸው!» አልሁት።

«እኔ ምን አደረግሁ? ቀስ ብዬ ስጫወት ደኅና ነው፤ ጠንከር ሳደርግ ነው የሚጮኸው። አንድ ነገር አለውና ይታይ» አለኝ።

«የሚታየውማ አንተ ያበላሸኸው ነው። የሰው ዕቃ በዱላ እንደ ከበሮ አይመታም» ብዬ በክበቡ ሁሉ ፊት ተናገርሁት። ጓደኛዬም አንድ ቃል ሳይመልስ ጊታሩን በወንበሩ ላይ አጋድሞ ወጣ። በማግሥቱም በሳልስቱም አልመጣም። እኔም በልቤ «ጥፋቱን ቢያውቅ ነው» አልሁ።

ከዚያም ሐኪም ሆንሁ። የኋላውን ጣውላ ፈትቼ መብራቱን አጥፍቼ ባይ፣ በትልቋ ቲዩብ መስታወት ላይ ሰማያዊ ብርሃን አየሁ። «ተቃጥላለች ማለት ነው» ብዬ ፈረድሁ። በኋላ እንደ ተማርሁት፣ እንዲህ ያለው ሰማያዊ ጭላንጭል በጤነኛ የጉልበት ቲዩብም ላይ ይታያል። የሚያስፈራው የውስጡ የብረት ገበታ እንደ ፍም ሲቀላ ነው፤ ያን ጊዜ ወዲያው ማጥፋት ይገባል። ይህን ሳልጠይቅ የክበቡን መዋጮ ተቀብዬ፣ ከውጭ አገር በሚመጣ ዘመድ በኩል አዲስ 6ቪ6 አስገዛሁ። ሦስት ሳምንት ጠበቅን። በመጣችም ጊዜ አሮጌዋን ነቅዬ አዲሲቱን ተካሁ፤ ሁሉም አጨበጨበልኝ። አምስት ደቂቃ ያህል ደስ አለን። ከዚያ ሌላ ልጅ ጊታሩን አንሥቶ ጠንከር አድርጎ ቢመታ፣ ያው «ዊ...ን»። ገንዘብ ያዥዋ ዝም ብላ አየችኝ። ከንግግር ይልቅ ያ ዝምታ ከበደኝ።

በሰፈራችን አንድ አዛውንት ጠጋኝ አሉ። ዛሬ የሚጠግኑት ምጣድና የስልክ ቻርጀር ነው፤ በጐልማሳነታቸው ግን የቲዩብ ሬዲዮ ሠራተኛ እንደ ነበሩ አባቴ ነግሮኝ ነበር። አምፕሊፋየሩንና ትራንስፎርመሩን በጋሪ አስጭኜ ሄድሁ።

«ጋሼ፣ እባክዎ ይህን ይዩልኝ» ብዬ ካቻቪቴዬን አውጥቼ የብረት ሣጥኑን ልከፍት ስል፣ እጄን ያዙኝ።

«ተው ልጄ! ምን ልታደርግ ነው? ከሶኬት ነቅለኸው እንኳ በዚያ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች ከ300 ቮልት በላይ ይዘው ሊቈዩ ይችላሉ። እኔን አንድ ቀን ከጣቴ እስከ ትከሻዬ አደንዝዞ ከወንበር ጥሎኛል። ቲዩብ ለመቀየር ሣጥን አይከፈትም።»

ከዚያ በኋላ ያደረጉትን ነገር እስከ ዛሬ አልረሳውም። አንዳች ከመንካታቸው በፊት ይጠይቁኝ ጀመር። መቼ ይጮሃል? በየትኛው ድምፅ? በሌላ ሽቦ ሞክራችኋል? አልሞከርንም። በሌላ ሽቦ ሞከሩ፤ ያው ነው። ጊታሩን ጨርሰው ነቀሉና ሣጥኑን በጡጫቸው መታ አደረጉት፤ አሁንም ደወል መሰለ። «እንግዲህ ጊታሩም ሽቦውም ነጻ ናቸው» አሉ። ቀጥለውም የድምፅ መጠን ማዞሪያውን እስከ ዜሮ መልሰው እንደገና መቱት። ጸጥ አለ።

«አየህ? ይህ ማዞሪያ ያለው በትንሿ ቲዩብ መካከል ነው። ትንሿ በአንድ መስታወት ውስጥ ሁለት ናት፤ የመጀመሪያዋ ግማሽ ከማዞሪያው በፊት፣ ሁለተኛዋ ከማዞሪያው በኋላ ትሠራለች። ጉልበተኛዋ ደግሞ ከሁሉም በኋላ ናት። ጥፋቱ በጉልበተኛዋ ቢሆን ኖሮ ድምፁን ብትዘጋውም በጮኸች ነበር። ሲዘጋ ከጠፋ፣ በሽታው ከማዞሪያው በፊት ነው።»

እኔ የሦስት ሳምንት ጊዜና የሰው ገንዘብ የፈጀሁበትን ነገር እርሳቸው አንዲት ማዞሪያ በመመለስ ጨረሱት። ፊቴ ጋለ።

ለማረጋገጥ ድምፁን መለስ አድርገው ከፈቱና በእርሳስ ጫፍ ቲዩቦቹን አንድ በአንድ በቀስታ ነካ ነካ አደረጉ። 5ዋይ3 ዝም አለች። ጉልበተኛዋም ዝም አለች። ትንሿን ሲነኳት ግን ክፍሉ በሙሉ ደወለ። በውስጥዋ ያሉት ቀጫጭን ክፍሎች በዕድሜ ብዛት ላልተው ስለ ነበር፣ በተንቀጠቀጡ ቍጥር እንቅጥቅጣቸው ራሱ ወደ ድምፅ ይለወጣል። ስፒከሩም ቲዩቦቹም በአንድ ሣጥን ውስጥ በመሆናቸው፣ ጠንከር ተደርጎ ሲመታ ስፒከሩ ሣጥኑን ያንቀጠቅጣል፤ ሣጥኑ ቲዩቧን ያንቀጠቅጣል፤ ቲዩቧ ትጮሃለች፤ ጩኸቷ ተመልሶ በስፒከሩ ይወጣል። ቀስ ብለው ሲጫወቱ ግን ትተኛለች።

«ነገር ግን ደኅና ትበራለች እኮ፤ ዐናቷም ላይ ያለው ብር መሳይ ቀለም እንዳለ ነው» አልኋቸው።

«ያ ቀለም ወተት መስሎ ቢነጣ አየር ገብቷታል፣ ሞታለች ማለት ነው። አለመንጣቱ ግን አየር አለመግባቱን እንጂ ሌላውን ጤንነቷን አይነግርህም። መብራቷም እንደዚሁ ነው፤ ሽቦዋ መጋሉን ብቻ ነው የሚነግርህ።»

ከሶኬት ነቅለን እስክትበርድ ሻይ ጠጣን። የጋለ ቲዩብ ጣት ያቃጥላል። ከዚያም የቆርቆሮ ቆቧን ጠምዘዝ አድርገው አወለቁና፣ ቲዩቧን በጣም ትንሽ ወዲህ ወዲያ እያሉ ቀጥ አድርገው ሳቧት። ዘጠኝ እግሮች አሏት፤ በአንድ በኩል ክፍተት ስላለ ካላመሳሰሉት አትገባም፤ የምትገፋት ሰውም እግሮቿን ይሰብራል። የትልልቆቹ አተካከል የተለየ ነው፤ በመካከላቸው ባለው ወፍራም ዘንግ ላይ ያለችው ጥርስ ከማስገቢያው ስንጥቅ ጋር መገጣጠም አለባት። የማስገቢያውን ቀዳዳዎችም በአልኮል አጸዱ፤ የቈሸሸ ማስገቢያ ጤነኛዋን ቲዩብ በሽተኛ ያስመስላታልና።

ምትክ ከየት ይመጣል ብዬ ስጨነቅ፣ ከመደርደሪያው ሥር አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አወጡ። ውስጡ በጋዜጣ የተጠቀለሉ ቲዩቦች ሞልተውበታል። አንዷን ፈትተው ሰጡኝ። አነበብሁና «ጋሼ፣ ይህች ኢሲሲ83 ትላለች፤ እኛ የምንፈልገው 12ኤኤክስ7 ነው» አልሁ። ከት ብለው ሳቁ። «አንዲት ሴት በአባቷ አገር ሌላ፣ በባሏ አገር ሌላ ስም ቢወጣላት ሁለት ሰው ትሆናለች? አሜሪካኖች በዚያ ይጠሯታል፤ አውሮፓውያን በዚህ። ከተሰበረ የጀርመን ቴፕ መቅረጫ ውስጥ ያወጣኋት ናት።»

ተካናት፤ አጋልናት፤ በእርሳስ ነካናት። ትንሽ «ጠቅ» ብቻ አለች፤ ይህንንስ ጤነኛዋም ትላለች። ሣጥኑን በጡጫ መታሁት፤ ዝም። አሮጌዋንም 6ቪ6 መልሰው ሰክተው አሰሙኝ፤ ከአዲሲቱ የሚለያት ነገር ለጆሮዬ አልታወቀኝም። «ይህችኛዋ ገና ትሠራለች፤ አዲሲቱን ለክፉ ቀን አስቀምጧት» አሉኝ። ደግሞም በእኛ አምፕሊፋየር የጉልበቷ ቲዩብ አንዲት ብቻ ስለ ሆነች፣ የሚያልፍባትንም ኤሌክትሪክ በውስጡ ያለ ሬዚስተር ራሱ ስለሚያስተካክለው፣ እኔ ሳላውቅ ብቀይራትም ጉዳት እንዳልደረሰ ገለጹልኝ። ብዙዎቹ ትልልቅ አምፕሊፋየሮች ግን ተመዝነው የተጣመሩ ሁለት ወይም አራት የጉልበት ቲዩቦች ይፈልጋሉ፤ በተቀየሩም ጊዜ ባለሞያ በመሣሪያ ለክቶ ማስተካከል አለበት።

ዕቃውን ልጭን ስል ጠጋኙ «ጠንከር ሲመታ ብቻ እንደሚጮህ ያስተዋለው ማን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ሳስረዳቸው የጓደኛዬን ቃል እንዳለ ደግሜው ኖሯል።

«አንድ ጓደኛዬ ነው» አልሁ።

«ታዲያ ግማሹን የጠገነው እርሱ ነው።»

ገንዘብ አልቀበልም አሉኝ። እኔም መንገዱን በሙሉ ከጋሪው ኋላ አንገቴን ደፍቼ ሄድሁ። ጓደኛዬ ያለኝን ቃል በቃል አስታውሳለሁ፤ «ቀስ ብዬ ስጫወት ደኅና ነው፤ ጠንከር ሳደርግ ነው የሚጮኸው»። በዚያው ቀን ብሰማው ኖሮ አንድ ሳንቲም ባልወጣ ነበር። የእርሱ ብርቱ እጅ በሽታውን ገለጠው እንጂ አላመጣውም።

በማግሥቱ በዕረፍት ሰዓት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። «ለብቻዬ አይደለም የሰደብኸኝ» አለኝና ፊቱን አዞረ። እውነቱን ነበር። ስለዚህ በሚቀጥለው የክበቡ ስብሰባ፣ የክበቡ ኀላፊ መምህራችን ባሉበት፣ ተነሥቼ ትንሿን አሮጌ ቲዩብ በእጄ ይዤ ነገሩን በሙሉ አስረዳሁ፤ ስለ ገንዘቡም ጭምር። ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ገንዘብ ያዥዋም አዲሲቱን 6ቪ6 በንብረት መዝገቡ ላይ «መጠባበቂያ፣ 1» ብላ ጻፈቻት። ጓደኛዬ በዚያን ቀን ምንም አላለኝም፤ ነገር ግን በሚቀጥለው ልምምድ ትራንስፎርመሩን ተሸክሜ ደረጃ ስወጣ፣ አንዱን ጫፍ ሌላ ሰው ሲያነሣልኝ ተሰማኝ።

በወላጆች ቀን የመጣችሁ ሁሉ፣ ከመጀመሪያው ዘፈን በፊት አንድ ልጅ ጐንበስ ብሎ የአምፕሊፋየሩን ሣጥን በጣቱ ቋ ቋ ሲያደርግና ጆሮውን ሲያስጠጋ አይታችሁ ይሆናል። ዝም ማለቱን ካረጋገጠ በኋላ ወደ እኔ ዞሮ ሣቀና፣ ክሩን ባለ በሌለ ኀይሉ መታው።