ዘይቱ ከላይ፣ ጠብታው ከታች

ዛሬ ፖለቲካ የለም፤ ስለ ላዳ ዘይት ነው የማወራችሁ። ፊዚክስ ያስተማርኳችሁ ልጆች በተለይ አንብቡት፣ ፈተና የለውም።

ከድሮ ተማሪዎቼ አንዱ የላዳ ታክሲ ሹፌር ነው። ተወልዶ ያደገው ዶሮ ማነቂያ ነው። ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ከተማው ዳር ወጣ፤ ሥራው ግን አሁንም ፒያሳና ጊዮርጊስ አካባቢ ነው። ባለፈው ወር የሞተሩን የላይኛ ክዳን ከፍቶ ቫልቮላውን ራሱ አስተካከለ። የጋራዥን ዋጋ ታውቁታላችሁ፤ እጁም ጥሩ ነው። ገጠመው፣ ሞተሩ ደስ የሚል ድምፅ አወጣ። በሦስተኛው ቀን ግን መኪናዋ በቆመችበት ሁሉ ጥቁር ጠብታ መተው ጀመረች። ጠብታው የሚወርደው ሞተሩና ካምቢዮው ከሚገናኙበት ቦታ ነው።

አንድ ጋራዥ ወሰዳት። ከሥር አዩና "የኋላው ኦይል ሲል ሄዷል፤ ካምቢዮ ይወርዳል፣ ፍሪሲዮኑም አብሮ ይቀየር" አሉት። ለእሱ ይህ ማለት ቀናት ሥራ መፍታት፣ የወሩን የቤት ኪራይ መብላት ነው። ደወለልኝ።

"ቲቸር፣ ልሽጣት ይሆን?"

"ቆይ እንጂ፣ መጀመሪያ እጠባት" አልኩት።

ምክንያቱን ላስረዳ። ዘይት ወደ ታች ይወርዳል፤ መኪናው ሲሄድ ደግሞ ነፋሱ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ ከላይኛው ክዳን ጀርባ ያፈተለከ ዘይት የሞተሩን ጀርባ ይዞ ወርዶ ካምቢዮው ጋ ይንጠባጠባል። ከሥር ላየው ሰው ቁርጥ የኦይል ሲል ችግር ይመስላል። በዚያ ላይ የእኛ ዳገት አለ። ከለገሃር ቸርችል ጎዳናን ይዛችሁ ወደ ማዘጋጃ ቤት ስትወጡ ሞተሩ ወደ ኋላ ያዘነብላል፤ ከክዳኑ ሥር ያለው ዘይትም ወደ ኋላው ጥግ ይሄዳል።

እሁድ ተገናኘን። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ በናፍጣና በብሩሽ አጥበን በደንብ አደረቅነው። የሕፃን ፓውደር ነሰነስንበት። ቸርችልን አንዴ ወርደን ወጣን። ኮፈኑን ስንከፍት ነጩ ፓውደር ላይ ጥቁር መስመር ተሰምሯል። መነሻው ከላይ፣ ከክዳኑ የኋላ ጥግ ነው።

ክዳኑን ፈታነው። የቡሽ ጓርኒሲዮኑ ጥጉ ላይ ተጨፍልቆ ተሰንጥቋል። የላዳ ክዳን በ8 ዳዶ ነው የሚታሰረው። ቡሽ በልኩ ሲታሰር ይይዛል፣ ሲበዛበት ይሰነጠቃል። ጠብታ ያየ ሰው ግን ቀድሞ የሚያደርገው ማጥበቅ ነው፤ ባጠበቀ ቁጥር ይብስበታል።

እዚያ ላይ አላቆምንም። ከሞተሩ ሆድ ጋዙን ወደ አየር ማጣሪያው በሚወስደው ቱቦ ውስጥ ትንሽ ወንፊት አለች፤ በጥቀርሻ ተደፍናለች። እንግዲህ ፊዚክሳችሁን አስታውሱ፦ በፒስተኑ ዳር የሚያመልጠው ጋዝ መውጫ ሲያጣ ግፊቱ ይጨምራል፤ ዘይቱን ደካማ ባገኘው ቦታ ይገፋዋል። ጓርኒሲዮን ብቻ ቀይረን ብንሄድ ኖሮ ብዙም ሳይቆይ እዚያው ነበርን።

ጓርኒሲዮኑ ከሶማሌ ተራ ተገዛ፤ ወንፊቷ ታጠበች፤ ዳዶዎቹ ከመሐል ወደ ዳር ተራ በተራ በልክ ታሰሩ። ሲልከን አልደረብንበትም፤ ትርፉ ተቆርሶ ወደ ውስጥ ከወደቀ የዘይት ፓምፑን ወንፊት ይዘጋል። በቃ። ካምቢዮው አልወረደም።

ይህን የጻፍኩት ስለ አንድ ላዳ ብቻ ብዬ አይደለም። በዚያው በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል፤ ያሉን አሮጌዎች ገና ብዙ ይጠገናሉ። ድሮ ሰፈር ውስጥ ኮፈን ሲከፈት ሦስት ሰው ያጎነብስ ነበር፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከሥር ያያል፣ ሦስተኛው ይከራከራል። ያ ክርክር ነበር የብዙ ሰው ካምቢዮ እንዳይወርድ ያደረገው። ዛሬ ሰፈሩ ተበትኖ ሰው ብቻውን ነው የሚጠግነው። ብቻውን የሆነ ሰው ደግሞ ጠብታውን ያያል እንጂ መነሻውን ለማየት ይቸገራል።

ዘይት የምታንጠባጥብ መኪና ያላችሁ፣ ከመፍታታችሁ በፊት እጠቡ፣ ከላይ ጀምራችሁ እዩ። መለኪያውንም ጠዋት ጠዋት አውጡ፤ የላዳ ሞተር የሚይዘው 4 ሊትር የማይሞላ ዘይት ነው፣ 1 ሊትር ሲጎድል ቀላል አይደለም።

ከዶሮ ማነቂያ የወጣችሁ ባለሙያዎች፣ አሁን የት እንዳላችሁ ከታች ጻፉልኝ። ኮፈን ሲከፈት እንጠራራ።